ከግቢ እስከ ፍሪዘር፦ ሐዋሳ ላይ 10 ዶሮ በአንድ ጠዋት አርዶ ማዘጋጀት

ለበዓል አንድ ዶሮ ማረድ ሁላችንም ቤት ያለ ነገር ነው። ይታረዳል፣ ይነጫል፣ ይበለታል፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ በዚያው ሰዓት ድስት ውስጥ ይገባል። ለአንድ ዶሮ ይህ አሠራር ምንም አይጎድለውም። ሥጋው ሳይውል ሳያድር ስለሚበስል ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚመጣው ያንኑ አሠራር ለ10 ዶሮ ስንጠቀምበት ነው። ዘጠነኛው ሲታረድ የመጀመሪያው ሳፋ ውስጥ ለብ እንዳለ ተቀምጧል። ፀሐዩ ይከራል፣ ዝንቡ ይመጣል። ማታ ፍሪዘር ውስጥ ሲከተት ሥጋው ገና መሃሉ ሙቅ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ኮብ ወይም ሳሶ የሚባሉትን የፈረንጅ ዶሮዎች አሳድገው አርደው መሸጥ ወይም ለቤት ማስቀመጥ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ቢላ አያያዙን ያውቁበታል። የጎደለው ቅዝቃዜው ነው።

ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከበረዶ ነው።

ስንት ዶሮ? ፍሪጃችሁን ጠይቁት

በአንድ ቀን የምታርዱትን ቁጥር የሚወስነው በረቱ ውስጥ የደረሰው ዶሮ ብዛት አይደለም። ያላችሁ በረዶ ነው። ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ኪሎ በረዶ ብላችሁ አስቡ። በሕይወት እያለ 2 ኪሎ የሚመዝን ዶሮ ታርዶ፣ ተነጭቶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 10 ዶሮ ማለት 14 ኪሎ ሥጋ ነው። 14 ኪሎ በረዶ ያስፈልጋችኋል።

በረዶውን ለማዘጋጀት ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በቂ ነው። 8 ጠርሙስ በደንብ አጥባችሁ ውሃ ሙሉ። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ አራት ጣት ያህል አጉድሉ። ፍሪዘር ውስጥ ስትከቱ ሁሉንም በአንዴ አታጭቁ። ከ3 ቀን በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጨምሩ። የጠርሙስ በረዶ ጥሩነቱ ሲቀልጥ ውሃው ከሥጋው ጋር አለመቀላቀሉ ነው፤ ታጥቦ ተመልሶ ይቀዘቅዛል።

በረዶ የሌለው ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ዶሮ ብቻ አርዶ በዚያው ቀን ያብስል። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው የዶሮ ሥጋ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ጀርሞች በቀላሉ የሚገኙበት ስለሆነ ነው። በተለይ ሳልሞኔላ ለብ ባለ ሥጋ ላይ በሰዓታት ውስጥ ይራባል።

ከዋዜማው

ምሽት 2 ሰዓት ላይ መኖውን አንሱ። ውሃውን ግን እንዳታነሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትጀምሩ ዶሮዎቹ 10 ሰዓት ያህል ሳይበሉ ቆይተዋል ማለት ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። አንጀቱ ባዶ ከሆነ ሆድ ዕቃ ስታወጡ ቢቀደድ እንኳ የሚፈስ ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል። ከ12 ሰዓት በላይ ሲሆን ደግሞ አንጀቱ ራሱ እየሳሳ ቶሎ ይቀደዳል። ወለሉ ላይ የተበተነ ጥሬ ካለም ጥረጉት፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሲለቅሙ ያድራሉ።

የምትይዟቸው በጨለማ ይሁን። ማታ ዶሮ አይሮጥም፣ አይደነግጥም። ሁለት እጃችሁን ክንፏ ላይ አድርጋችሁ ከሰውነቷ ጋር አቅፋችሁ አንሷት። አምስት ስድስቱን በእግር አንጠልጥሎ መውሰድ ገበያ ላይ የምናየው ነገር ነው፣ ግን ክንፍ ይሰበራል፣ ታፋው ላይ ደም ይቋጠራል። ያ ደም ከተነጨ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ደንበኛ የሚመልሰው ሥጋ እንዲህ ያለው ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ በአንድ እዩአቸው። ዓይኗ የፈዘዘ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አረንጓዴ የምትቀዝን፣ አንገቷ የዞረባት ዶሮ አትታረድም። ፈንግል ገባ ሲባል "ሳትሞት እንረዳት" ብሎ መሯሯጥ የቆየ ልማድ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የበሽተኛ ዶሮ ደምና ላባ ግቢ ውስጥ ሲፈስ በሽታው ለጎረቤት ዶሮም ይተርፋል። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ቀሪዎቹንም ለይታችሁ አቆዩ።

መድኃኒትም አለ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ መድኃኒት በውሃ ከሰጣችሁ፣ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ያ ቀን ሳያልፍ ማረድ የለም። በዓል ቢደርስም።

ቦታና ዕቃ

ግቢውን በአሳባችሁ ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ወገን የቆሻሻ ነው፦ ማረድ፣ ማጥለቅ፣ መንጨት። ሌላው የንጹሕ ነው፦ ሆድ ዕቃ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ማቀዝቀዝ። ሥጋው ከቆሻሻው ወደ ንጹሑ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሰውም እንደዚያው። ላባ የሚነጨው ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ የታጠበውን ዶሮ አይነካም። ሦስት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ያርዳል፣ ያጠልቃል፤ አንዱ ይነጫል፤ አንዱ ንጹሑን ወገን ይይዛል።

ውሃ ቢያንስ 100 ሊትር በበርሜል ወይም በጄሪካን አስቀድማችሁ አጠራቅሙ። የቧንቧው ውሃ መሃል ላይ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ሁለት ቢላ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለማረድ፣ አንዱ ትንሽና ሹል ለሆድ ዕቃ። ሁለቱም ከዋዜማው ይሳሉ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ ጠረጴዛውን፣ ሳፋውን፣ ቢላውን እጠቡበት። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በዚህ። በረኪና ቅባትና ደም ላይ ብቻውን አይሠራም።

ለማረጃው ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሰዱ። ቂጡን ሙሉ በሙሉ ቁረጡ፣ አፉን ደግሞ የዶሮ ራስ እስኪያሳልፍ አስፉት። ገልብጣችሁ እንጨት ላይ በምስማር ምቱት። ዶሮዋ በራሷ ስትገባ ክንፏ ታቅፎ ይያዛል፣ ራሷ በታች በኩል ይወጣል። ሲደረግ ካላያችሁት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብላችሁ አታስቡም። መሬት ላይ የምትፈራገጥ ዶሮ ግቢውን በደም ትረጫለች፣ ክንፏን ትሰብራለች። ጄሪካኑ ውስጥ ግን ጸጥ ትላለች። ለትልቅ አውራ ዶሮ ባለ 10 ሊትሩን ተጠቀሙ።

ማረድ

ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት ማን እንደሚባርክ ይወሰን። ለራሳችሁ ቤት ከሆነ ግልጽ ነው። ለሽያጭ ከሆነ ግን ሐዋሳ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም ደንበኛችሁ ነው። ደጅ ላይ የሚቆሙ እናት ከዋጋው በፊት "ልጄ፣ ማነው የባረከው?" ነው የሚሉት። ለሙስሊም ደንበኛ ሙስሊም ያርዳል፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን። ሁለቱንም የምታስተናግዱ ከሆነ ቀኑን ለዩት፣ ካልሆነም ሳፋውን፣ ቢላውንና ማሸጊያውን ለዩ። ማደባለቅ እምነት ማጉደል ነው፤ አንዴ ከጠፋም አይመለስም። ወንድ በሌለበት ቤት የሰፈር አራጅ መጥራት የተለመደ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንዲደርስ ከዋዜማው ተነጋገሩ።

ራሷን በግራ እጃችሁ ያዙ፣ ቆዳውን ወጠር አድርጉ። ከመንጋጋዋ ሥር በአንድ ምት ጉሮሮውንና በግራና በቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች ቁረጡ። አከርካሪው ጋ ስትደርሱ አቁሙ፣ ራሷ አይለይ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ደሟ ይፍሰስ። በደንብ ያልደማ ሥጋ ይቀላል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ወደ ሙቅ ውሃ ከመውሰዳችሁ በፊት መሞቷን አረጋግጡ። በጣታችሁ ጫፍ ዓይኗን ነካ አድርጉ። ቆቧ ከተንቀሳቀሰ ገና ናት፣ ጠብቁ። ይህ ለዶሮዋም ለእምነቱም የሚገባ ነገር ነው።

ማጥለቅና መንጨት

ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ይደፋባታል። የፈላ ውሃ ቆዳውን ያበስለዋል፣ ከዚያ ከላባው ጋር ተልጦ ይመጣል። የሚፈለገው ውሃ ከ60 እስከ 63 ዲግሪ የሚሆን ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ 4 እጅ የፈላ ውሃ ከ3 እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። ልኩ የተሰላው ለዚህ ነው። 8 ሊትር የፈላና 6 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ሌላ ድስት ውሃ ምድጃው ላይ እየፈላ ይቆይ።

እግሯን ይዛችሁ በራሷ በኩል ሙሉ በሙሉ አጥልቋት። ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ውሃው ላባው ሥር እንዲገባ። ለወጣት ኮብ 45 ሰከንድ ይበቃል። እንቁላል መጣል ያቆመች ቦቫንስ (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ወይም የሀበሻ ዶሮ ከአንድ ደቂቃ በላይ ትፈልጋለች። ሰዓት ከማየት ይልቅ የክንፏን ትልቅ ላባ ሳቡ፤ ሳይታገል ከወጣ ደርሷል። ከሁለት ሦስት ዶሮ በኋላ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ የፈላ ጨምሩበት። አምስት ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት።

ስትነጩ ከክንፍና ከጅራት ጀምሩ። ሲቀዘቅዙ ቀድመው ጠብቀው አልነቀል የሚሉት እነዚህ ናቸው። ደረቱንና ታፋውን በመዳፍ ብትጠርጉት ይመጣል። የቀረውን ጥቃቅን ፀጉር በቡታጋዝ ነበልባል ላይ አገላብጣችሁ ለብልቡት። በጋዜጣ ወይም በፌስታል እሳት አትለብልቡ፣ ጥቀርሻውና ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል።

ለወጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ አቋራጭ አለ። ለወጥ ቆዳውን የምትገፉ ከሆነ መንጨቱ ለምን? በደረቁ ከደረቱ አጥንት ላይ ቆዳውን ቀድዳችሁ ከነላባው እንደ ሸሚዝ ግፈፉት። ውሃ ማፍላትም የለም። ጉዳቱ ቆዳ የሌለው ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ለአሮስቶ የሚፈልግ ደንበኛም አይወስደውም።

ሆድ ዕቃ ማውጣት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ የተቀደደ አንጀት የጠዋቱን ድካም ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

እግሩን መገጣጠሚያው ላይ እጥፍ አድርጋችሁ በአጥንቶቹ መሃል ቁረጡ። አጥንት የሚቆርጥ ሰው ቢላውንም ያደንዛል፣ ስብርባሪም ይተዋል። ራሱን ቁረጡ። ጅራቷ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ቢጫ የቅባት ዕጢ አለ። ሙሉ በሙሉ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ የዶሮ ሽታ ከምንለው አንዱ ምንጭ ነው።

የአንገቷን ቆዳ ከኋላ በኩል ቅደዱ። የአየር ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን ታገኛላችሁ፤ ደረቱ መግቢያ ላይ ደግሞ ጥሬ የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ። ሌሊቱን ሳትበላ ካደረች ከረጢቱ ባዶና ስስ ነው፣ በጣት ይላቀቃል። ካልተላቀቀ፣ በኋላ ላይ በሆድ በኩል ስትስቡ እዚያው ይበጠሳል።

አሁን ገልብጧት። የደረት አጥንቱ ጫፍ ከሚያልቅበት በታች፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ቅደዱ። የቢላው ስለት ወደ ላይ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይውጋ። ከዚያ በፊንጢጣዋ ዙሪያ በጥንቃቄ ቁረጡ፣ አንጀቱ ሳይነካ እንዲለቅ። እጃችሁን አስገቡ። የእጃችሁ ጀርባ ከደረት አጥንቱ ሥር እየታከከ እስከ ልቧ ድረስ ይሂድ። ልቡን አልፋችሁ ጨብጡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል።

ጉበቱን እዩት። ጤነኛ ጉበት ጠይም ቀይ፣ ለስላሳና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ነው። ነጭ ነጠብጣብ፣ እብጠት ወይም ደስ የማይል ሽታ ካለው ያቺ ዶሮ ሙሉ በሙሉ ትጣል። መልኩ ብቻ ገርጣ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ስብ ነው፣ አያሳስብም።

ጉበቱ ላይ የተለጠፈች የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር አረንጓዴ ከረጢት ሐሞት ናት። በጣት አትጫኗት፤ ከጉበቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ጨምራችሁ ቁረጧት። ከፈሰሰች የነካችውን ቦታ ሁሉ ያመራል፣ በውሃ አይለቅም፤ አረንጓዴ የሆነውን ቁረጡና ጣሉ። ጨጓራውን በጎኑ ሰንጥቃችሁ ጠጠሩን አፍስሱ፣ ውስጡ ያለውን ቢጫ ሽፋን ልጣችሁ አውጡ። መጨረሻ ላይ በጎድን አጥንቶቹ መሃል የተሰገሰገውን ሳንባ በጣት ፍቃችሁ አውጡት። ሳንባ የቀረበት ዶሮ ቶሎ ይሸታል።

አንጀት ከተቀደደና ከፈሰሰ ወዲያው እጠቡ፣ የተነካውን ክፍል ቁረጡ። እጃችሁንና ቢላችሁንም ሳትታጠቡ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

ማቀዝቀዝ

የወጣው ዶሮ መጀመሪያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ውስጡም ውጩም ይታጠብ። ቧንቧ ከፍታችሁ አታጥቡ፣ ጠብታው ጀርሙን ወደ ዕቃውና ወደ ሰላጣው ይረጨዋል። ከዚያ በቀጥታ በረዶ ወዳለበት በርሜል። ጠርሙሶቹን ከዶሮዎቹ መሃል ሰግስጉ፣ ውሃው ሁሉንም ይሸፍን፣ በየጊዜው አማስሉ። ክዳኑን ዝጉ፣ ጥላ ሥር አድርጉት።

ግቡ ከታረደ በኋላ ባለው 4 ሰዓት ውስጥ የደረቱ መሃል 4 ዲግሪ እንዲደርስ ነው። 1.4 ኪሎ የሚሆን ዶሮ በረዶው በቂ ከሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ለሽያጭ የምታርዱ ከሆነ ሥጋ ውስጥ የሚወጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ለዚህ ሥራ ከምታወጡት ወጪ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ከዚያ አጠንፍፉና ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አሳድሯቸው። ወዲያው ፍሪዘር አታስገቡ። የታረደ ሥጋ መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ቆይቶ ነው የሚላላው። ሳይላላ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ከሆነ ስታበስሉት ጎማ ይሆናል። "የፈረንጅ ዶሮ አይበስልም" የሚባለው አንዳንዴ ጥፋቱ የዶሮው ሳይሆን የዚህ ነው።

መበለትና ማሸግ

በማግስቱ ሥጋው ቀዝቃዛና ጠንከር ያለ ስለሆነ መበለት ቀላል ነው። ለዶሮ ወጥ 12 ብልት፣ ፈረሰኛው ሳይጎዳ። ለአሮስቶ ሙሉውን። ሎሚ፣ ጨውና ዱቄት አሁን አትንኩ፤ ያ እጥበት የሚያበስለው ሰው ድርሻ ነው። ሎሚ ሽታ ይቀንሳል እንጂ ጀርሙን አያጠፋም። ጀርሙን የሚያጠፋው በደንብ ማብሰል ነው።

ለምግብ የተሠራ ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ጥቁር ፌስታል ለሥጋ አይሆንም። ዶሮውን ካስገባችሁ በኋላ ከረጢቱን አፉ ሳይነካ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ዝቅ አድርጉት። ውሃው ፕላስቲኩን ሥጋው ላይ ይለጥፈዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ያኔ እሰሩት። ላዩ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የታረደበት ቀን፣ ኪሎው፣ የባረከው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም መሆኑ። የቤት ፍሪዘር ውስጥ በ3 ወር ውስጥ ጨርሱት። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ፤ ሙሉ ከሆነና ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን።

ለፋሲካ ማድረስ ለምትፈልጉ፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ኮብ በ45 ቀን ይደርሳል። ጾሙ በገባ በሳምንት ጫጩቱን ብታስገቡ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት አርዳችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በየብልቱ ከፋፍላችሁ ቅዳሜ ታስረክባላችሁ። በቋሚነት ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የከተማውን የእንስሳት ሐኪምና የንግድ ቢሮውን ጠይቁ። ለቤት ማረድና ለሽያጭ ማረድ አንድ አይደለም።

የተረፈው

ደም፣ ላባና አንጀት በቦይ አይለቀቅም፣ የሐዋሳ ሐይቅም ዳር አይጣልም። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ አይተን "እነሱ ይጨርሱታል" እንል ይሆናል። ግን ቦይ ውስጥ የተጣለውን ውሻ ነው ሰፈር ለሰፈር የሚጎትተው፣ ዝናብ ሲመጣም መድረሻው ሐይቁ ነው። ሐይቁ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ቶሎ ስለሚመጣ መቅበርም አይመከርም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ ከውሃ ጉድጓድ አርቃችሁ ቅበሩ፣ ውሻ እንዳይጭረው ቢያንስ ግማሽ ሜትር አፈር ይልበስ።

ቦታ ካላችሁ ግን ኮምፖስት ይሻላል። ከታች ወፈር ያለ የሰጋቱራ ወይም የደረቅ ሣር ንጣፍ፣ መሃል ላይ ላባውና አንጀቱ፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ስንዝር የሚሆን ከዶሮ ቤት የወጣ ሰጋቱራ። ካሸተተ ሽፋኑ ሳስቷል ማለት ነው፣ ጨምሩበት። ላባ ለመበስበስ ወራት ይፈልጋል፣ ናይትሮጅኑ ግን ብዙ ነው። ከሰላጣና ከቲማቲም አርቃችሁ ለሙዝና ለአቮካዶ ሥር አድርጉት።